ነጭ ከረንት በሐረር ግቢ ፍሬ ይይዛል? ካልያዘስ በምን እንተካው?

ሸዋበር_ጓሮ፦
ሰላም ለቤቱ። ግቢዬ ውስጥ ነጭ ከረንት መትከል አስቤያለሁ። ለማያውቀው፦ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ ይንጠለጠላል፣ ቆዳው ስስ ስለሆነ ዘሩ ከውጭ ይታያል፣ ለማርማላታ በጣም ይፈለጋል። ጀርመን ያሉ ዘመዶቼ ቁራጭ እንጨቱን እንላክልሽ ብለዋል።

ቦታው ሐረር፣ ሸዋበር፣ ከፍታው 1,880 ሜትር ገደማ ነው። ባዶው መሬት 6 በ4 ሜትር፤ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የጎረቤት ግንብ ያጠላበታል። አፈሩ ቀይ ነው፣ ውሃ አያቁርም። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ 1,000 ሊትር በሮቶ አጠራቅማለሁ። ፍሬ ይይዛል? ካልያዘስ ለማርማላታ የሚሆን፣ ከአጥር የማይዘል ምን ልትከል? በልክና በመጠን ንገሩኝ።

ደጋ_ፍሬ፦
እህቴ፣ ተክሉ ሐረር ላይ ይጸድቃል፣ ቅጠልም ያወጣል። ፍሬ ግን አይሰጥሽም። ምክንያቱን በደንብ እይው፣ ሌሎች የፈረንጅ ፍሬዎችንም ይመለከታልና።

ነጭ ከረንት የቀይ ከረንት ነጭ ዝርያ ነው፣ አገሩም አውሮፓ ነው። በዚያ የብርድ ወቅት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ዓይኖቹ (ቅጠልና አበባ የሚወጣባቸው እንቡጦች) በወጉ የሚፈነዱት ከ0 እስከ 7 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ በድምሩ ከ800 እስከ 1,200 ሰዓት ካሳለፉ ነው፤ ከዚያም በላይ የሚጠይቁ ዝርያዎች አሉ። ሐረር በሚበርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ እንኳ ሌሊቱ በአብዛኛው ከ10 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ የተጠራቀመው ሰዓት ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ ስለሆነች ጭራሽ አይታሰብም።

ቅዝቃዜ ያልጠገበ ከረንት በመልኩ ይታወቃል። ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ዓይኖች ብቻ ይከፈታሉ፣ የቅርንጫፉ መሃል ራቁቱን ይቀራል። አበባ ከመጣ ተራ በተራ እየቆየ ይመጣል እንጂ አንድ ላይ አይፈነዳም፤ ዘለላውም ሳይሞላ ይረግፋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ማዳበሪያ አንሶት ነው ብሎ ዩሪያ ይጨምራል። ዩሪያው ለስላሳ ቅጠል ያበዛል፣ ለስላሳ ቅጠል ደግሞ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ይስባል። የተኛውን ዓይን ግን አይቀሰቅስም።

የቀን ርዝመትም አለበት። የከረንት ወገኖች በረጅም ቀን ያድጋሉ፣ ቀኑ ሲያጥር እድገታቸውን ያቆማሉ፤ ይህ በተለይ በጥቁር ከረንት በደንብ የታወቀ ነው። በአገራቸው በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይሆናል። ሐረር ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ13 ሰዓት አያልፍም። ተክሉ ገና ከመጀመሩ የማደጊያው ጊዜ ያለፈ ይመስለዋል፤ ድንክ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሥሩም ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ሙቀትና ጥማት ቶሎ ይጎዱታል፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ደረቅ ቀን የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል።

ከዚራ_ጥላ፦
አቦ፣ ድሬዳዋ ላይ 50 በመቶ የሚያጠላ መረብ ከላይ ብንዘረጋበትስ? ጠዋትና ማታ ውሃ እየረጨን።

ደጋ_ፍሬ፦
መረቡ የቀኑን ግለት ይቀንሳል፣ ቅጠሉን ከመቃጠል ያድነዋል። ሌሊቱን ግን አያቀዘቅዝም፤ የሚጎድለን ደግሞ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። ማታ ማታ ቅጠሉ ላይ መርጨት የበሽታ መንገድ ነው፣ ተወው።

የቁሉቢ_መንገድ፦
ስለ ሐረር ከተማና ስለ ድሬ የተባለው ልክ ነው። ሐረርጌ ግን ከተማዎቹ ብቻ አይደለም። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከሐረር 900 ሜትር ሽቅብ ብትወጡ 5 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል፤ በሐረር 11 የነበረው ሌሊት 5 ወይም 6 ይሆናል ማለት ነው። ጋራ ሙለታ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ በዙሪያው ከ2,700 በላይ የሆነ ማሳ ያለው ገበሬ ብዙ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ መሬት ያለው ሰው ከመትከሉ በፊት ይለካ። ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በ1.5 ሜትር ቁመት፣ ጥላ ውስጥ፣ ከግድግዳ ርቆ ይሰቀል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ በየጠዋቱ ይጻፍ። ሌሊቱ 4 ዲግሪ የደረሰበት ቀን ከ7 በታች የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። በ80 እንዲህ ያሉ ሌሊቶች 500 ወይም 600 ሰዓት ይገኛል።

ደጋ_ፍሬ፦
ወንድሜ፣ ስሌቱ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ጨምርበት። በእኛ ደጋ ቀኑ ይሞቃል። ሌሊት የተጠራቀመው ቅዝቃዜ ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ከፊሉ ይሰረዛል። አውሮፓ ውስጥ ቀኑም ሌሊቱም ብርድ ስለሆነ 600 ሰዓት በእርግጥ 600 ነው፣ እዚህ ግን በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ጨንቻ ላይ ፖም የተሳካው እንደ አና እና ዶርሴት ጎልደን ያሉ ትንሽ ቅዝቃዜ የሚበቃቸው ዝርያዎች ስለተገኙ ነው፤ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ይበቃቸዋል። ለከረንት እንዲህ ያለ ዝርያ ገበያ ላይ አልተለመደም። ኋይት ቨርሳይም፣ ብላንካም፣ ፕሪሙስም የብርድ አገር ዝርያዎች ናቸው። በ2,800 ሜትር ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ፖምና ፕሪም ይትከል እላለሁ።

ማቀዝቀዣ_ቤት፦
ለፍቅሩ አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሐረር ላይም መንገድ አለ፤ ቅዝቃዜውን ከፍሪጅ መስጠት። በችግኝ ጣቢያዎችና በምርምር ቦታዎች በማሰሮ ያለ ተክል ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማስተኛት የተለመደ አሠራር ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል።

ተክሉ ከታች በተበሳ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ይደግ። በጥቅምት መጨረሻ ውሃውን በግማሽ ቀንሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀሩትን ቅጠሎች በእጅ አራግፉ፣ ቅርንጫፎቹን ፍሪጁ በሚችለው ቁመት ግረዙ። አፈሩ እርጥብ እንጂ ጭቃ አይሁን። ባልዲውን በተበሳሳ ፌስታል ሸፍናችሁ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ውስጥ አስቀምጡ። ስምንት ሳምንት 1,344 ሰዓት ይሰጣል፣ ይበቃዋል። ቅጠል ስለሌለው ጨለማው አይጎዳውም። በየሁለት ሳምንቱ አፈሩን በጣት ዳሱ፣ ከደረቀ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጡ።

የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የበሰለ ፍሬ አብሮ ማስቀመጥ ነው። ሙዝ፣ ፖምና ማንጎ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ዓይኖቹን ይገድላል። ሁለተኛው ባልዲውን የፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ነው፣ ሥሩ በረዶ ይሆናል። ሦስተኛው መብራት ሲጠፋ በሩን እየከፈቱ ማየት ነው፤ ሳይከፈት ጥቂት ሰዓት ብርዱን ይይዛል።

በጥር መጨረሻ አውጥታችሁ አንድ ሳምንት ሙሉ ጥላ ውስጥ አቆዩት፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ። አበባው በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ይመጣል፣ ፍሬው ከአበባ በኋላ ሁለት ወር ከምናምን ይፈልጋል። ከረንት ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ አንድ ተክል ይበቃል። ፖታሽ የተባለውን ማዳበሪያ ስትሰጡት ሰልፌት የሆነውን እንጂ ክሎራይድ የሆነውን አትስጡ፤ ክሎራይድ የከረንትን ቅጠል ያቃጥላል።

መቀስና_ሽቦ፦
አሠራሩ ትክክል ነው፤ እህታችን የጠየቀችው ግን ለማርማላታ የሚበቃ ፍሬ ነው። መሬት ላይ የተተከለ ጤነኛ ከረንት በአገሩ 3 ወይም 4 ኪሎ ይሰጣል፣ ባልዲ ውስጥ ያለ ግን የእፍኝ ነገር ነው። ለእሱ ሲባል ፍሪጅን ሁለት ወር መያዝ ለቤተሰብ ከባድ ነው።

ስለ ቁራጩም አንድ ቃል። በፖስታ ወይም በሻንጣ ዝም ብሎ የተክል እንጨት ማስገባት አይፈቀድም። ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከላኪው አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ይህን እንደ ወረቀት ጣጣ አትዩት። ቁራጭ እንጨት በዓይን የማይታይ ቫይረስና ፈንገስ ይዞ ይመጣል። የከረንት ወገኖች የነጭ ጥድ ዋግ ተሸካሚ በመሆናቸው አሜሪካ ውስጥ እስከ 1966 ድረስ በፌዴራል ደረጃ ተከልክለው ነበር፣ ዛሬም የሚከለክሉ ክፍለ ግዛቶች አሉ። የሐረርጌን ቡናና ፍራፍሬ ለአንድ ቁጥቋጦ ብሎ ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

ሸዋበር_ጓሮ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ። ዘሩን በኢንተርኔት ገዝቶ መዝራትስ?

ደጋ_ፍሬ፦
ለዘሩም ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ከረንት ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ ዘሩ ራሱ ለመብቀል እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሦስት ወር ከ0 እስከ 5 ዲግሪ መቆየት አለበት። ከበቀለ በኋላ ደግሞ ያው የቅዝቃዜ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ሸዋበር_ጓሮ፦
እሺ፣ ተውኩት። ታዲያ ምን ልትከል?

መቀስና_ሽቦ፦
ነጭ ወይን፣ ያውም በቁጥቋጦ ቅርጽ። ዘለላው ነጭ፣ ውሃማና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ወይን ረጅም ቅዝቃዜ አይጠይቅም፤ እዚህ በብርድ ሳይሆን በመቀስና በውሃ ይተኛል፣ በመቀስ ይነቃል። ከረንት አይታዘዝሽም፣ ወይን ግን ይታዘዝሻል።

ችግኝ፦ ፍሬውን ራስሽ ካየሽው ነጭ ወይን ላይ ቁራጭ ውሰጂ። ሳይታይ የተወሰደ ወይን ጥቁር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንጨቱ ያለፈው ወቅት እድገት፣ ቡናማ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 30 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ወይም 4 ዓይን ያለው ይሁን። የታችኛውን ጫፍ ከዓይኑ ሥር ቀጥ አድርገሽ፣ የላይኛውን ከዓይኑ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ በሰያፍ ቁረጪ፤ ተገልብጦ እንዳይተከል መለያ ይሆንሻል። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ በጥቁር ፕላስቲክ ሙዪና ሁለት ሦስተኛውን ቅበሪው። ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ቅጠሉ ከሥሩ ቀድሞ ይወጣል፣ ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ለመለመ ብለሽ እንዳትነቅይው፤ ያ ቅጠል የሚኖረው እንጨቱ ውስጥ በተጠራቀመ ምግብ ነው። ሥሩ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ወደ መሬት የሚዛወረው ከ3 ወይም 4 ወር በኋላ ነው።

ጉድጓድ፦ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር። ከላይኛው አፈር ጋር 15 ኪሎ በደንብ የበሰለ የፍየል ፍግ ቀላቅይ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል። በተክሎቹ መካከል 1.5 ሜትር፣ በመደዳዎቹ መካከል 2 ሜትር ተዪ። በ6 በ4 መሬትሽ 8 ይገባል፤ ለመዘዋወሪያ ስትዪ ግን 5 ይብቃሽ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ያለው ፀሐይ ይበቃል።

ቅርጽ፦ አንድ ጠንካራ እንጨት ወይም ፌሮ 1.5 ሜትር አጠገቡ ትከይ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ብቻ አሳድጊ። ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ጫፉን ቁረጪ። ከዚያ በየአቅጣጫው የሚወጡ 4 ክንዶችን ያዢ፣ መሃሉ ባዶ ይሁን። ከረንት የሚገረዝበት ክፍት ቅርጽም ይኸው ነው፤ ነፋስና ብርሃን ውስጡ ይገባል።

ከዚራ_ጥላ፦
ድሬ ላይ ግን ከቁጥቋጦ ይልቅ ዳስ ይሻላል። ጥላውም ያስፈልገናል፣ ከመሬት የሚመለሰው ግለት ዘለላውን ያበስለዋል። 2.2 ሜትር ከፍታ ባለው የቱቦላሬ ዳስ ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ሽቦ ወጥሮ አንድ ግንድ ወደ ላይ መስደድ ነው። ፍየልም አይደርስበትም።

መቀስና_ሽቦ፦
ለድሬ እስማማለሁ፣ ዳስ ይሻላል።

አሁን ወደ ግረዛው፤ ዋናው ሥራ እሱ ነው። ወይን ከተገረዘ በኋላ ፍሬው የሚደርሰው በ120 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ የምትገርዢበት ቀን የምትለቅሚበትን ቀን ይወስናል። ሁለት ዝናብ አለን፣ የበልጉና የሐምሌ እስከ መስከረሙ። መስከረም 20 አካባቢ፣ ዝናቡ ሲወጣ፣ ብትገርዢ አበባው በጥቅምት መጨረሻ በደረቅ አየር ይፈነዳል፣ ዘለላው በጥር አጋማሽና መጨረሻ ይደርሳል። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በየካቲት መጨረሻ ደግመው የሚገርዙ አሉ፤ አበባው በልጉ ላይ ይወድቃል፣ ዝናቡ የአበባውን ብናኝ ያጥበዋል፣ ዘለላው ገሚሱ ባዶ ይሆናል። ተክሉ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሁለቴ ማስፈራት ደግሞ ግንዱን ያደክማል።

ከግረዛው ሦስት ሳምንት በፊት ውሃ ቁሚ። ቀኑ ሲደርስ ቅጠሉን በሙሉ በእጅ አራግፊ፣ ከዚያ ግረዢ። በማግስቱ በደንብ አጠጪ። የተቆረጠው ጫፍ ውሃ ቢያንጠባጥብ አትደንግጪ፤ ሥሩ መሥራቱን የሚያሳይ ነው።

በእያንዳንዱ ቀንበጥ ላይ ስንት ዓይን ይቅር? ይህ በዝርያው ይለያል። አንዳንዱ ነጭ ወይን ከግርጌው ባሉት ሁለት ዓይኖች ያፈራል። ዘር አልባው ቶምፕሰን ግን ከግርጌው መካን ነው፣ ከ8 እስከ 12 ዓይን ካልተተወለት ቅጠል ብቻ ይሰጣል። ብዙ ሰው ወይኔ አላፈራም የሚለው በዚህ ነው። የዝርያውን ስም ካላወቅሽ በመጀመሪያው የፍሬ ግረዛ ግማሹን ቀንበጥ በ2 ዓይን፣ ግማሹን በ8 ዓይን ቁረጪና ዘለላ የወጣው ከየትኛው እንደሆነ ምልክት አድርጊ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በዚያው ቀጥዪ።

ሐማሬሳ፦
ረጅም ትተን ስንገርዝ ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ዓይኖች ብቻ ይነሣሉ፣ መሃሉ ይተኛል። ምን ይደረግ?

መቀስና_ሽቦ፦
ጫፉ የበታቹን ስለሚጫን ነው፤ ሙቅ አገር ላይ ይብሳል። በትልልቅ እርሻዎች ሃይድሮጅን ሲያናማይድ ይቀቡታል። ለግቢ አልመክርም፤ በቆዳና በትንፋሽ የሚገባ መርዝ ነው፣ በቀባበት ሰሞን አልኮል የጠጣ ሰው በጠና ይታመማል። ያለ መድኃኒት የሚሠራው ማጎንበስ ነው። የተገረዘውን ረጅም ቀንበጥ ጫፉ ከመነሻው ዝቅ እስኪል በቀስታ ቆልምመህ እሰረው። የመሃሉ ዓይኖች 5 ሳንቲ ሜትር ሲደርሱ መልሰህ ሽቦው ላይ አቃናው። ሳትሰብረው ለማጠፍ ከመስኖው ማግስት ሥራ፣ የዚያን ጊዜ እንጨቱ ይለሰልሳል።

ዘለላው ሲወጣ በአንድ ቀንበጥ አንድ ብቻ ተው። አንድን ዘለላ ለማጣፈጥ ከ12 እስከ 15 ጤነኛ ቅጠል ያስፈልጋል። ሁሉንም ልያዝ ያለ ሰው ሁሉንም ጎምዛዛ ይለቅማል።

ሸዋበር_ጓሮ፦
ውሃውስ ይበቃኛል?

ከዚራ_ጥላ፦
ይበቃሻል። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ተክል 10 ሊትር በሳምንት ሁለቴ። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ሐረር ላይ 40 ሊትር በሳምንት አንዴ፤ ለ5 ተክል 200 ሊትር ነው፣ ከሮቶሽ አንድ አምስተኛው። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ እጥፍ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማጠጣት በሳምንት አንዴ በጥልቀት ማጠጣት ይሻላል፣ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል። 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የገለባ ጉዝጓዝ አድርጊ፣ ግንዱን ግን በ10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ፍሬው መለስለስ ሲጀምር ውሃውን ቀንሺ። ደርቆ ቆይቶ በድንገት የጠጣ ወይን ፍሬው ይሰነጠቃል፣ በተሰነጠቀው ተርብ ይገባበታል።

የድሬ ውሃ ግን ጠንካራ ነው፣ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር አፈሩም ላይ ይጋገራል። አፈራችሁ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ፤ ከፈላ ኖራ አለበት። እዚያ ላይ አመድ አትጨምሩ፣ ያባብሰዋል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ አረንጓዴ ከቀሩ የብረት እጥረት ነው። አሮጌው የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ ናይትሮጅን አንሶታል። ጠርዙ ብቻ ከተቃጠለ ጨው ወይም ጥማት ነው። ሦስቱን የሚያምታታ ሰው ዩሪያ ይጨምርና ጨዉን ያበዛል። ለብረቱ ኢዲዲኤችኤ የተባለው የብረት ማዳበሪያ ዓይነት ኖራማ አፈር ላይ ይሠራል፣ ኢዲቲኤ የተባለው አይሠራም። ካልተገኘ በ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም የብረት ሰልፌት አሟሙታችሁ ምሽት ላይ ቅጠሉን እርጩ።

ሐማሬሳ፦
በሽታና ተባዩን ልጨምር። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ በ10 ሊትር ውሃ 30 ግራም የሚሟሟ ድኝ፣ በየ10 እስከ 14 ቀኑ። ድኝ ከ30 ዲግሪ በላይ ቅጠል ያቃጥላል፣ ድሬ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ተረጭቶ ይለቅ። በዝናብ ወቅት ከላይ የዘይት ጠብታ የመሰለ ቢጫ፣ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ከታየ ሌላ በሽታ ነው፣ ለእሱ ድኝ አይሠራም፣ የመዳብ መድኃኒት ነው። ለክሽክሽና ትሪፕስ ለተባለው ደቃቅ ተባይ የድሬ ኒም አለ፤ የደረቀ ፍሬውን ፍልፍል 50 ግራም ወቅጣችሁ በ1 ሊትር ውሃ አሳድሩ፣ በሻሽ አጥልሉ፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ምሽት ላይ እርጩ። ፀሐይ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ለወፍ ደግሞ ከአሮጌ አጎበር የተሰፋ ከረጢት ዘለላው መለስለስ ሲጀምር ይታሰርለት፤ ፌስታል አይሁን፣ ፍሬው ያልበዋል።

ሸዋበር_ጓሮ፦
ማርማላታው እንደ ከረንት ይረጋል ወይ?

የቁሉቢ_መንገድ፦
ወይን ብቻውን አይረጋም። ከረንት ቶሎ የሚረጋው ፔክቲን (ማርማላታን የሚያረጋው ንጥረ ነገር) እና ኮምጣጣነት ስለበዛበት ነው፤ የበሰለ ወይን ሁለቱም ያንሱታል። በእኛ አካባቢ ፔክቲን የሚሰጠው ዘይቱን (ጉዋቫ) ነው፣ አንድ ዛፍ ጥግ ላይ ትከይ። ቁመቱን በ2 ሜትር ግረዢው፣ ይታገሣል።

1 ኪሎ ዘይቱን፣ ሩብ ያህሉ ገና ያልበሰለ፣ ቆራርጠሽ በ1 ሊትር ውሃ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀቅይ። በሻሽ አንጠልጥለሽ አሳድሪው፣ አትጭመቂው፣ ከጨመቅሽው ይደፈርሳል። ከዚህ ግማሽ ሊትር፣ ከወይን ጭማቂ ግማሽ ሊትር፣ ስኳር 750 ግራም፣ የሎሚ ጭማቂ 3 የሾርባ ማንኪያ። በኃይለኛ እሳት አፍይው። ፍሪጅ ውስጥ በቀዘቀዘ ሳህን ላይ ጠብ አድርገሽ በጣት ስትገፊው ከተጨማደደ ደርሷል። ከዚያ በላይ ከቆየ ፔክቲኑ ይሰበራል፣ ሽሮፕ ሆኖ ይቀራል።

ደጋ_ፍሬ፦
ለአጥሩ መስመር ደግሞ አጋም አስቢበት። አገር በቀል ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ እሾሁ ፍየል ያግዳል፣ ፍሬው ማርማላታ ይሆናል። በየ1 ሜትሩ ከትኩስ ዘር ተክለሽ በየዓመቱ ከለቀማ በኋላ ግረዢው። ችግኙን ከዱር የምትወስጂ ከሆነ ግን በጣም ተጠንቀቂ። መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚሉት፣ አጋምን ይመስላል፤ ቅጠሉም ትይዩ ነው፣ ሲቆረጥ ሁለቱም ነጭ ወተት ያወጣሉ፣ ፍሬውም ጥቁር ሐምራዊ ይሆናል። መረንዝ ግን ለቀስት መርዝ የሚውል ገዳይ ተክል ነው። የሚለየው እሾህ ነው፦ አጋም እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም። እሾህ የሌለውን ግቢ ውስጥ አታስገቢ፣ ልጆች ካሉ በተለይ።

ሸዋበር_ጓሮ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አምስት ነጭ ወይን፣ አንድ ዘይቱን፣ በአጥሩ ዳር አጋም። ቁራጩን መቼ ልውሰድ?

መቀስና_ሽቦ፦
መስከረም ሲገረዝ የሚወድቀውን ውሰጂ፣ ሌላ ጊዜ ቆርጠሽ እናቱን አታድሚ። በዕለቱ መትከል ካልቻልሽ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለሽ በፌስታል ውስጥ ፍሪጅ አስቀምጪው፣ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከአምስቱ ይልቅ አሥር ቁረጪ፣ ሁሉም አይጸድቅምና። ጥር ላይ ወደ ጉድጓዱ ታዛውሪዋለሽ፣ በልጉ ሲመጣ ሥር ይዞ ይጠብቀዋል።